ምስክር የሌለው ምርመራ፦ እንደራሴዎቻችንና የልጆቻችን ትምህርት

የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ፣ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው፣ ከውጭ ሰው ጋር እንዳይገናኙ ተጠብቀው እንዲፈተኑ ከተደረገበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ፣ አገራችን ስለ ትምህርቷ ለብዙ ዘመን ስትጠረጥረው የኖረችውን፣ ነገር ግን በግልጽ ልትናገረው ያልደፈረችውን እውነት በቍጥር ተጽፎ አየችው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 9 መቶ ሺህ ከሚጠጉት ልጆች ውስጥ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፣ ይኸውም ከመቶ 3.3 ሆኑ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 27,267፣ ከመቶ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 36,409፣ ከመቶ 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929፣ ከመቶ 8.4 ነበሩ። ቍጥሩ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከፍ ማለቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ከ12 ዓመት ድካም በኋላ ከ100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ የሚመለሱበት ትምህርት ጽኑ ምርመራ የሚያስፈልገው መሆኑን የሚክድ አስተዋይ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

የፈተናውን ሌብነት ለመዝጋት የተደረገው ድካም ምስጋና የሚገባው ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥያቄዎቹ ከፈተናው ቀን አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭተው ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን፣ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ መልስ በስልክ ሲዘዋወር መኖሩን የሚያስታውስ ሁሉ፣ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የወሰዱት እርምጃ ድፍረት የጠየቀ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ነገር ግን የፈተናው ውጤት ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፣ ማለት ይህ ጥፋት ከየትኛው ክፍል ጀመረ፣ ማን አስቀድሞ ዐወቀው፣ ማንስ ዐውቆ ዝም አለ የሚለው ጥያቄ፣ ሚኒስቴሩ ራሱን ጠይቆ ራሱ ሊመልሰው የማይቻለው ነው። ይህ የእንደራሴዎች ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቋሚ ኮሚቴዎቹ አማካይነት በትምህርትና በሕፃናት ጉዳይ ላይ የሚያደርገውን ክትትል ነው፤ አሳቤንም አስቀድሜ ልግለጽ፦ ክትትሉ የደከመው ጠያቂ በማጣት ሳይሆን፣ ከተጠያቂው በቀር የሚናገር ምስክር በማጣት ነው።

ሥልጣኑ አልጐደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎቹን የፌዴራል ባለሥልጣናት ጠርቶ የመጠየቅን፣ የሕግ አስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመርን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል፤ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሁሉ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ሊታሰብ እንደሚገባ ሲደነግግ፣ ይህን ግዴታ በፍርድ ቤቶችና በአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ላይ ብቻ ሳይወስን በሕግ አውጪው አካል ላይም ይጥለዋል። እንግዲህ እንደራሴው ስለ ሕፃናት ሌላውን ሊጠይቅ ሥልጣን እንዳለው ሁሉ እርሱም ራሱ ስለ ሕፃናት ተጠያቂ ነው። 547 መቀመጫ ያለው ጉባኤ በሙሉ ተሰብስቦ ይህን ዝርዝር ሊመረምር ስለማይችል፣ ሥራው ለቋሚ ኮሚቴዎች ተከፋፍሏል፤ ትምህርት ለሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ የሕፃናት ጉዳይ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ፣ የገንዘቡ አወጣጥ ለመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ተሰጥቷል።

የትምህርቱ ኮሚቴ ስብሰባ እንዴት እንደሚካሄድ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሚኒስቴሩ የሩብ ዓመቱን፣ የግማሽ ዓመቱን ወይም የ9 ወሩን የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት አዘጋጅቶ ይልካል፤ ሚኒስትሩ ወይም ሚኒስትር ዴኤታው ከየክፍሉ ኃላፊዎች ጋር ይቀርባሉ፤ ሪፖርቱ በግድግዳው ላይ እየታየ ይነበባል፤ ከዕቅዱ ይህን ያህል መቶኛ ተከናወነ፣ ይህን ያህል ሺህ መምህራን ሠለጠኑ፣ ይህን ያህል መጻሕፍት ታተሙ ይባላል። ከዚያ በኋላ አባላቱ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ ጥያቄው ግን አንድ በአንድ ተጠይቆ አንድ በአንድ የሚመለስ ሳይሆን፣ የ5ና የ6 አባላት ጥያቄ በአንድ ዙር ተሰብስቦ ለተጠሪው የሚሰጥ ስለሆነ፣ መላሹ የሚቀለውን አስቀድሞ፣ የሚከብደውን በአጭሩ ነካ አድርጎ ለማለፍ ሰፊ ዕድል ያገኛል። ጠያቂውም «መልሱ አልበቃኝም» ብሎ ያንኑ ነገር ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ተራ አያገኝም። በመጨረሻ ሰብሳቢው የማጠቃለያ አስተያየት ይሰጣሉ፤ በጠንካራ ጎን የታየው ይመሰገናል፣ ሊሻሻል የሚገባው ይጠቀሳል፣ ተጠሪውም አስተያየቱን እንደ ግብዓት እንደሚወስደው ተናግሮ ይሰናበታል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ክፉ አሳብ ያለው ሰው አለ አልልም፤ ከአባላቱም ውስጥ መምህራን የነበሩ፣ የገጠር ትምህርት ቤትን ችግር በቅርብ የሚያውቁ፣ ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቁ አሉ። ችግሩ በጠረጴዛው ላይ ያለው ሰነድ አንድ መሆኑና ያም ሰነድ በተመርማሪው እጅ የተጻፈ መሆኑ ነው። መጻሕፍት ታተሙ የሚለውን ሪፖርት የሚሰማ እንደራሴ፣ የታተመው መጽሐፍ ከመጋዘን ወጥቶ፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት ደርሶ፣ በ4ኛ ክፍል ልጅ ደብተር መያዣ ውስጥ መግባቱን በምን ያውቃል? ለሥልጠና የተጠሩት መምህራን ሠልጥነው ሲመለሱ በክፍላቸው ውስጥ የተለወጠ ነገር መኖሩን ማን ይነግረዋል? ሪፖርቱ የሚናገረው ስለ ተሠራው ሥራ ነው፤ ልጁ ስላወቀው ወይም ሳያውቀው ስለቀረው ነገር የሚናገር ሰነድ ግን ከኮሚቴው ፊት አይቀርብም። የመስክ ምልከታ የሚባለውም ይህን ጉድለት አይሞላውም፤ የሚጐበኘው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በደብዳቤ ስለሚነገረው፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ መዝገቡ ተስተካክሎ፣ ተማሪው ተሰልፎ ይቆያልና።

ይህ አሳብ ከንቱ ግምት እንዳልሆነ ለማስረዳት ከዚያው ከምክር ቤቱ ውስጥ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። የወጪ ቁጥጥሩ ቋሚ ኮሚቴ መሥሪያ ቤቶችን በይፋ ጠርቶ ሲመረምር፣ ስብሰባው ከሌሎቹ ኮሚቴዎች ስብሰባ የተለየ ጠባይ አለው፤ ጥያቄው ይሰላል፣ መልሱ ይጨነቃል፣ ተጠሪው ግራና ቀኙን እያየ ወረቀት ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዚህ መድረክ ላይ በየጊዜው እየተጠሩ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ተጀምሮ የቀረ ሕንፃ እየተነሣባቸው በሕዝብ ፊት ተጠይቀዋል። ልዩነቱን ያመጣው የእነዚህ እንደራሴዎች ብርታት ብቻ አይደለም፤ በእጃቸው ያለው የፌዴራል ዋና ኦዲተር የመረመረው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት በቀጥታ ለምክር ቤቱ የቀረበ፣ ተጠሪው መሥሪያ ቤት ያልጻፈው ሰነድ ስለሆነ ነው። ገንዘብን በተመለከተ ገለልተኛ ምስክር ስላለ ምርመራው ምርመራ ሆነ። የጠፋ ብር ምስክር ሲኖረው፣ 8 ዓመት ተምሮ ያላነበበ ልጅ ምስክር ማጣቱ ከልብ የሚያሳዝን ነገር ነው።

ምስክሩ ጨርሶ አልተገኘም እንዳይባል ደግሞ፣ ተገኝቶ ሳይሰማ መቅረቱን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ2002 ዓ.ም. በትምህርት ሚኒስቴርና በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ትብብር በ8 ክልሎች፣ በልጆቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ተመረመረ። ለምርመራው የተላኩት ሰዎች ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አጭር ታሪክ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጥተው አስነበቧቸው። ከ100 የ2ኛ ክፍል ልጆች 34ቱ ከዚያ ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አሁን ዓመቱን እንቍጠር፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጠ፣ ክፍል ያልደገመ ተማሪ 1ኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው እነዚያ ልጆች የትምህርት ቤት ደጃፍ ከመርገጣቸው በፊት በነበረው ዓመት ነበር ማለት ነው። 12 ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረ። በዚያ ዘመን የነበረው ምክር ቤት ይህን ጥናት በእጁ ይዞ፣ «ከዚህ ቀጥሎ 1ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች እንዲህ እንዳይሆኑ ምን አዘጋጃችሁ?» ብሎ በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ሳይሰለች ቢጠይቅ ኖሮ፣ የ2014ቱ ውጤት አሁን የምናውቀው ባልሆነም ነበር ብዬ አምናለሁ። ዓለም ባንክም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ባወጣው መግለጫ፣ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በሚጨርሱበት ዕድሜ ከሚገኙት የኢትዮጵያ ልጆች ከ100 ወደ 90 የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የተጻፈን ቀላል ንባብ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል።

የዚህ ውድቀት ሥሩ የሚታወቅ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርትን ለብዙኃኑ በማዳረስ በኩል ያከናወነው ሥራ ትልቅ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ 3 ሚሊዮን የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ25 ዓመት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን መጠጋቱ በየትኛውም አገር ታሪክ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የክፍሉ ቍጥር ሲበዛ መምህሩ፣ መጽሐፉ፣ ወንበሩ በዚያው ልክ ሊበዛ አልቻለም፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲተላለፉ የተደረገበት አሠራርም፣ ለደካማው ልጅ የተለየ ድጋፍ ይሰጠዋል በሚል ተስፋ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ ድጋፉ ቀርቶ መተላለፉ ብቻ ጸና። በአንድ ክፍል 70ና 80 ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር ከኋላ ወንበር የተቀመጠችውን ልጅ ድምፅ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ሳይሰማ ሰኔ ይደርስበታል። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ጕድለቱ ብዙ ቢሆንም፣ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ አቅርበው፣ ፊደሉን በጣቱ እያስነኩ፣ ከአቡጊዳ ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት የሚያሻግሩት ጆሯቸው ራሱ የሰማውን ዐውቀው ነበር፤ የልጁን ዕውቀት ከሌላ ሰው ሪፖርት አይቀበሉም ነበር። ኮሚቴው ሊይዘው የሚገባው መንፈስ ይህ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አወቃቀሩን ለውጦ፣ ከ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ በኋላ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ እንዲሆን አድርጓል፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም ተለውጠዋል፤ ትምህርት ለትውልድ በተባለው ንቅናቄ ሕዝቡ ገንዘቡንና ጕልበቱን አዋጥቶ ትምህርት ቤቶችን ያድሳል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ሆኖም መልካም ፖሊሲ ያለ ምርመራ ምን እንደሚሆን ከ1966 ዓ.ም. ታሪካችን እንማራለን። በ1964 ዓ.ም. ሊቃውንት ተሰብስበው፣ ከውጭ አገር ባለሙያዎችም ጋር ሆነው፣ የትምህርት ዘርፍ ክለሳ ወይም ሴክተር ሪቪው የተባለውን ጥናት አዘጋጁ። ጥናቱ ከሞላ ጎደል በቅን ልቡና የተደረገ፣ ትምህርት ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር እንዲደርስ፣ ከሥራም ጋር እንዲገናኝ የሚሻ ነበር። ዳሩ ግን ከዓመት በላይ ከሕዝብ ተሰውሮ ቆይቶ፣ መምህራንና ወላጆች ሳይጠየቁበት፣ በአደባባይም ሳይመረመር በ1966 ዓ.ም. ሲገለጥ፣ ወላጆች ልጆቻችን በ4 ዓመት ትምህርት ብቻ ሊገቱብን ነው፣ መምህራን ደመወዛችንና ኑሯችን ሊጐዳብን ነው ብለው ተነሡ። የመምህራን ማኅበር በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ መታ፤ መንግሥት ክለሳውን አዘገየሁት ቢል ነገሩ ካለፈ በኋላ ሆነ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ወረደ። አብዮቱን ያመጣው ይህ ክለሳ ብቻ ነው ለማለት አይደለም፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የወታደሩ ብሶት፣ የወሎ ረኃብ ሁሉ አንድ ላይ ነበሩ። ነገር ግን ወላጁና መምህሩ አስቀድመው በሸንጎ ፊት ተጠርተው ቢሰሙ፣ ክለሳው ይታረም ነበር እንጂ በጎዳና ላይ አይሞትም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስኩ። ምክር ቤቱ ትምህርት ሚኒስትሩን ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው አብዛኛው ነገር በሚኒስትሩ እጅ የሌለ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ለትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ያወጣል፤ ትምህርት ቤቱን የሚሠራው፣ መምህሩን የሚቀጥረውና ደመወዙን የሚከፍለው ግን ክልሉና ወረዳው ነው። የፌዴራሉ ድጎማም በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ተሰልቶ በጥቅል ለክልል ይሄዳል፤ ክልሉ በፊናው ለወረዳ ያከፋፍላል፤ ወረዳው ደመወዝ ከፍሎ ሲጨርስ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር፣ ለቤተ መጻሕፍት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ቅርብ በሆኑ ዓመታት በደቡብና በሌሎችም አካባቢዎች መምህራን የወራት ደመወዝ ዘግይቶባቸው ክፍል ሳይገቡ የቀሩበት ጊዜ ነበር። እንደራሴው ስለዚህ ሚኒስትሩን ቢጠይቅ ጉዳዩ የክልሉ እንደ ሆነ ይነገረዋል፤ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ኃላፊ ደግሞ ለክልሉ ምክር ቤት እንጂ ለፌዴራሉ ምክር ቤት ተጠሪ አይደለም። እንዲህ ሆኖ ተጠያቂነቱ በመካከል ይጠፋል። ፌዴራላዊ ሥርዓት የዚህ ዓይነት ጠባይ ይኑረው እንጂ መፍትሔ የሌለው አይደለም፤ የፌዴራሉ ቋሚ ኮሚቴ ከክልል ምክር ቤቶች የትምህርት ኮሚቴዎች ጋር በአንድ ጉዳይ ላይ በጋራ ሊመረምር ይችላል፤ መመዘኛ የማውጣት ሥልጣን ያለው መንግሥት መመዘኛው ከተፈጸመበትና ካልተፈጸመበት ቦታ ዝርዝር በወረዳ ስም እንዲያቀርብ ምክር ቤቱ ሊያዝዝ ይችላል። ዝርዝሩ በአደባባይ ሲነበብ የወረዳው ሕዝብ የሚጠይቀውን ያውቃል።

ሁለተኛው መከፋፈል በኮሚቴዎቹ መካከል ነው። የልጅ ኑሮ በመሥሪያ ቤት ድንበር አይከፈልም። በትግራይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤት ጦርነት ተጨምሮበት ለ3 ዓመታት ያህል ሳይከፈት ሲቀር፣ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ሲርቁ፣ የተፈናቀለው ልጅ በመጠለያ ድንኳን ውስጥ ዓመታት ሲያሳልፍ፣ ይህ የትኛው ኮሚቴ ጉዳይ ነው? ለትምህርቱ ኮሚቴ የጸጥታ ጉዳይ ይመስለዋል፤ ለማኅበራዊው ኮሚቴ የትምህርት ጉዳይ፤ ለወጪው ኮሚቴ ገና ያልወጣ ገንዘብ ስለሆነ የእርሱ አይደለም። በ12ኛ ክፍል ፈተና የወደቀው ልጅ ቢያንስ ተቈጥሯል፤ 1ኛ ክፍል ሳይገባ የ10 ዓመት ልጅ የሆነው ግን በማንም የአፈጻጸም ሪፖርት ውስጥ የለም። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ትውልድ የሚጠፋው በፈተና ሳይሆን በዚህ ዓይነት ዝምታ ነውና።

ሌላ አገር እንዴት ይደረጋል ለሚል፣ ከእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አንድ ነገር ላምጣ። የዚያ አገር የትምህርት ኮሚቴ የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች የሚመለከተው የ2014 ሕግ እንዴት እንደተፈጸመ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ለአንድ ዓመት ተኩል መርምሮ በ2019 ሪፖርት ሲያወጣ፣ በእጁ የነበረው የሚኒስቴሩ ወረቀት ብቻ አልነበረም፤ ከ700 በላይ የጽሑፍ ምስክርነት ከወላጆች፣ ከመምህራን፣ ከከተማ አስተዳደሮችና ከማኅበራት ደርሶት ነበር። አካል ጉዳተኛ ልጇን ለማስተማር ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ስትንከራተት የኖረች እናት የጻፈችው ቃል ከሚኒስትሩ ቃል ጋር እኩል በመዝገብ ይገባል፣ ታትሞም ለሁሉ ይነበባል። መንግሥት ለኮሚቴው ሪፖርት በ2 ወር ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ልማድ አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ ያ ችግር አልተወገደም፤ ያው ኮሚቴ በ2025 ስለዚያው ጉዳይ እንደገና ሪፖርት አውጥቷል። ሥልጣኑም ገደብ አለው፤ በ2009 ኮሚቴው ለሕፃናት ኮሚሽነርነት የታጩትን ማጊ አትኪንሰንን አልደግፍም ሲል ሚኒስትሩ ኤድ ቦልስ ሾሟቸው፤ በ2016ም ለትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት የታጩት አማንዳ ስፒልማን በኮሚቴው ተቀባይነት ሳያገኙ ተሾሙ። ስለዚህ የውጭውን አገር አሠራር እንደ ታቦት ተሸክመን እንምጣ አልልም። የምለው፣ እዚያ ያለው ኮሚቴ ቢሸነፍም ምን ብሎ እንደ ተሸነፈ በመዝገብ ይገኛል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚመጣውም ሰብሳቢ ከቀድሞው ሰብሳቢ ቃል ይነሣል።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ምክር ቤታችን የ5 ዓመት ዘመኑ የሚያበቃበት ጊዜ ደርሷል። እንግዲህ የትምህርቱ ኮሚቴ አባላት ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ሥራ ቢሠሩልን እለምናለሁ፦ በእነዚህ ዓመታት ሚኒስቴሩን የጠየቁትን ጥያቄ፣ የተሰጣቸውን መልስ፣ የተገባላቸውን ቃልና ከተገባው ቃል የተፈጸመውን በአንድ መዝገብ ሰብስበው፣ አሳትመው፣ ለሚቀጥለው ምክር ቤት በአደራ ያስተላልፉ። አዲሱ ኮሚቴ ሥራውን ሲጀምር ሚኒስትሩን ከመጥራቱ አስቀድሞ የገጠር መምህርን፣ ልጇ ከትምህርት የቀረባትን እናት፣ ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ የሚማርበትን ክፍል ተማሪ ይጥራ፤ የዋና ኦዲተሩም መሥሪያ ቤት የሒሳብን ብቻ ሳይሆን የመማርን ውጤት በክዋኔ ኦዲት እንዲመረምር ይጠይቅ፤ የ2002ቱ ዓይነት የንባብ ምርመራም በየ2 ዓመቱ ተደርጎ ውጤቱ በቀጥታ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ በሕግ ይወሰን። ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ ያለውን ሥልጣን መጠቀም ይበቃል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዚህ ድርሻ አለህ። እንደራሴህ ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ፣ ወይም ድምፅህን የሚሻ አዲስ ዕጩ በደጅህ ሲቆም፣ ስለ መንገዱና ስለ መብራቱ የምትጠይቀውን ጠይቀህ ስትጨርስ፣ በቀበሌህ ትምህርት ቤት ያሉት የ3ኛ ክፍል ልጆች ማንበብ ይችሉ እንደ ሆነ ጠይቀው፤ አላውቅም ካለህም ሳይውል ሳያድር ሄዶ እንዲሰማ ንገረው።